የዓምዱ ስም፦ ከባሕረ ሐሳብ ሠንጠረዥ እስከ ዘመናዊው የከዋክብት መዝገብ

ቁጥር ብቻውን አይናገርም። በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ 29 የሚል ቁጥር ተጽፎ ብናገኝ ዕድሜ ይሁን ዋጋ፣ ቀን ይሁን የሙቀት መጠን ልናውቅ አንችልም። ለቁጥሩ አንደበት የሚሰጠው ከበላዩ የተጻፈው የዓምዱ ስም ነው። ተማሪዎቻችን ሠንጠረዥ ሲሠሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘነጉት፣ እኛም ስናርም በቸልታ የምናልፈው ይህንኑ ስም ነው። ይሁን እንጂ የዓምድ ስም አሰጣጥ የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። ታሪኩ ጎልቶ የሚታየውም ሰማይን በሚመለከቱ ሠንጠረዦች ነው፤ የሰማይ ሠንጠረዥ የሚዘጋጀው ጸሐፊው ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ለሚመጣ አንባቢ ጭምር ነውና።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ምሳሌዎችን ጎን ለጎን ያቀርባል። አንደኛው የኢትዮጵያ ሊቃውንት በግዕዝ ያቆዩት የባሕረ ሐሳብ ሠንጠረዥ ነው። ሁለተኛው በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ ተጀምሮ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የከዋክብት መዝገቦች የዓምድ መለያ ነው። ከሁለቱ ንጽጽር የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ጥሩ መለያ የሚባለው ጸሐፊውን አግኝቶ ሊጠይቀው የማይችል ሰው ሳይሳሳት የሚያነበው መሆኑ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የኢትዮጵያን፣ «እ.ኤ.አ.» የአውሮፓውያንን አቆጣጠር እንደሚያመለክት አንባቢ እንዲያስታውስ ያስፈልጋል። ይህን አስቀድሞ መናገር ለምን እንዳስፈለገ የሚቀጥለው ክፍል ያሳያል።

አንድ ቀን፣ አምስት ዓመት

በሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የዋለው የትንሣኤ በዓል በምሥራቁም በምዕራቡም አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ በአንድ ቀን ተከበረ። በጂቡቲ ከተማ በግድግዳ ላይ በተሰቀለው የፈረንሳይኛ ቀን መቁጠሪያ ዕለቱ ኤፕሪል 20 ቀን 2025 ነበር። በሂጅራ አቆጣጠር ዓመቱ 1446 ነው። በግብፅ ቤተ ክርስቲያን ዓመተ ሰማዕታት 1741 ነው። በባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ዓለም 7517 ነው። አምስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ አምስቱም አንዱን ቀን የሚመለከቱ ናቸው። «ዓመት» በሚል አንድ ዓምድ ሥር ቢደረደሩ ግን አንዳቸውም ትክክል ሊሆኑ አይችሉም።

ጉዳዩ የሊቃውንት ብቻ እንዳይመስለን ወደ ተማሪዎች መዝገብ እንመለስ። አንድ ልጅ በ2005 ዓ.ም. ተወልዶ የልደት ዓመቱ «2005» ተብሎ ብቻ ቢመዘገብ፣ መዝገቡን እዚህ ጂቡቲ የሚያነበው ሰው በእ.ኤ.አ. ይወስደዋል። በ2025 እ.ኤ.አ. አሥራ ሁለት ዓመት ያህል የሆነው ልጅ የሃያ ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው። ቁጥሩን የጻፈው ሰው አልዋሸም፤ ያነበበውም ሰው አላጣመመም። በሁለቱ መካከል የጎደለው ሁለት ፊደል የማይሞላ መለያ ነው። ልጁ ግን ከዕድሜው ጋር የሚስማማ ክፍል ሊያጣ ይችላል።

የባሕረ ሐሳብ ዓምዶች

ባሕረ ሐሳብ የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የሚያወጣ የቁጥር ትምህርት ነው። ትውፊት ሥርዓቱን ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከድሜጥሮስ ጋር ያያይዘዋል። የአሠራሩ ዝርዝር ከብራና ብራና ቢለያይም፣ በሠንጠረዡ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ዓመት ሲሆን ዓምዶቹ ዓመተ ዓለም፣ ወንጌላዊ፣ ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ፣ ከዚያም ጾመ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾም፣ ትንሣኤ እያሉ የሚሄዱ ናቸው።

2017 ዓ.ም.ን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በ2017 ላይ 5500 ሲደመር 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ ወንጌላዊው ማቴዎስ ነው። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ ከዚህ ላይ ገና ያልተፈጸመው የያዝነው ዓመት ሲነሣ 11 ይቀራል፤ ወንበር የሚባለው ይህ ነው። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 1 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበር በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ 29 ይተርፋል፤ ይህም መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ቀን ይውላል። ያ ቀን ረቡዕ ነበርና የረቡዕ ተውሳክ 4 ሲደመር 33፣ ሠላሳው ሲገደፍ 3 ይሆናል። ይህ መባጃ ሐመር ይባላል፤ ጾመ ነነዌም የካቲት 3 ቀን ገባ። በመባጃ ሐመር ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲደመር ሚያዝያ 12 ቀን ይወጣል።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ምንም ያልነገረን 29፣ «መጥቅዕ» በሚል ዓምድ ሥር ሲገባ ምን ያህል እንደተናገረ አንባቢ ይመልከት። ከዓምዶቹ አቀራረጽ ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል።

አንደኛ፣ ዓምዶቹ እርስ በርሳቸው ይመሰክራሉ። የአንድ ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ናቸው። በ2017 ዓ.ም. 1 እና 29፣ በ2018 ዓ.ም. 12 እና 18 ናቸው። ስለዚህ አንድ ጸሐፊ ሲገለብጥ ቁጥር ቢያዛባ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ስሕተቱን ሊያገኘው ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን የትኛው ዓምድ አበቅቴ፣ የትኛው መጥቅዕ እንደሆነ በስም ከተለየ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የሌለ ነገር ስም አለው። የግዕዝ ቁጥር የዜሮ ምልክት የለውም። ሆኖም በ2006 ዓ.ም. እንደሆነው ወንበር ምንም ሲሆን ሊቃውንቱ «አልቦ» ይላሉ፤ አበቅቴውም አልቦ፣ መጥቅዑም 30 ይሆናል። ባዶ ቦታ ትቶ ማለፍና «አልቦ» ብሎ መጻፍ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው «አልተቆጠረም» ወይም «ተዘንግቷል» ሊባል ይችላል፤ ሁለተኛው «ተቆጥሮ ምንም ሆነ» የሚል ግልጽ መልስ ነው። የዛሬ የመረጃ ባለሙያዎች በዜሮና ባልታወቀ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ለማስጠበቅ ብዙ ይደክማሉ።

ሦስተኛውና ዋናው የስሞቹ አገነባብ ነው። ዓመተ ዓለም፣ ዓመተ ሰማዕታት፣ ዓመተ ምሕረት የሚሉትን እንመልከት። የመጀመሪያው ቃል የነገሩን ዓይነት ይናገራል፤ ዓመት መሆኑን። ሁለተኛው ቃል ከየት ተነሥቶ እንደተቆጠረ ይወስናል። ሠርቀ ሌሊትና ሠርቀ መዓልትም እንዲሁ ናቸው። መጥቅዕ ቁጥሩ ሲሆን በዓለ መጥቅዕ በዓሉ ነው። ጥቂት ቃላት በመዛረፍ ብቻ ብዙ ነገሮችን ያለ መደባለቅ ለመለየት ያስችላሉ። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ወደ ስትራስቡርግ ስንደርስ ይመለሳል።

አንድ ስም ለሁለት ነገር

የአባቶች ሥራ እንከን የለበትም ማለት ግን አይደለም። ትልቁ ችግር የተነሣው ዛሬ በየደብዳቤያችን ላይ ከምንጽፈው «ዓመተ ምሕረት» ከሚለው ስም ነው።

በዛሬው አነጋገር ዓመተ ምሕረት ከ5500 ዘመን በኋላ ከክርስቶስ ልደት የሚቆጠር ነው። በብዙ የቆዩ ብራናዎች ግን ይኸው ስም ሌላ ቁጥር ይዞ ይገኛል። ሊቃውንቱ 19ኙን የጨረቃ ዓውድና 28ቱን የፀሐይ ዓውድ አባዝተው 532 ዓመት የሚፈጅ ዐቢይ ቀመር አላቸው። ቀመሩ ሲፈጸም ቁጥሩ እንደገና ከ1 ይጀምራል። ቆጠራው ከዘመነ ሰማዕታት መነሻ ከ284 እ.ኤ.አ. የሚሄድ በመሆኑ ሦስተኛው ዙር የጀመረው በ1348 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ በአንድ ብራና መጨረሻ ላይ «በ100 ዓመተ ምሕረት ተጻፈ» የሚል ቢገኝ፣ በዚህ ስሌት ዓመቱ 1440 ዓ.ም. ማለትም 1447 ወይም 1448 እ.ኤ.አ. ይሆናል። ይህ የዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ነው። በዛሬው አነጋገር ያነበበው ሰው ግን ብራናውን ከንጉሥ ኢዛና በፊት ሁለት መቶ ዓመት አርቆ ሊወስደው ነው።

በዚህ ምሳሌ ስሕተቱ ግዙፍ ስለሆነ ወዲያው ይታወቃል። ይሁን እንጂ የንጉሥ ስም የሌለበት፣ የዙሩ ቁጥር ያልተጠቀሰበት ጽሑፍ ሲሆን ዙሩን የሚወስነው በወንጌላዊው፣ በዕለቱና በአበቅቴው ምስክርነት፣ ያም ካልበቃ በፊደሉ ቅርጽ ነው። ፈረንሳዊው ማርዩስ ሼን በ1925 እ.ኤ.አ. የግብፅንና የኢትዮጵያን ክርስቲያናዊ አቆጣጠር የሚመለከት ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው እንዲህ ያለውን ቋጠሮ ለመፍታት ነበር። የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ የሆነው ኦቶ ኖይገባወር ደግሞ በ1979 እ.ኤ.አ. በቪየና ባሳተመው መጽሐፍ በልዩ ልዩ ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የግዕዝ ሠንጠረዦች መርምሮ፣ የጥንቱን የእስክንድርያ አቆጣጠር ጠብቀው ያቆዩ መሆናቸውን አሳየ። አንድ ስም ለሁለት ነገር መዋሉ የስንት ሊቃውንትን ዕድሜ እንደጠየቀ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የከዋክብት መዝገብ

አሁን ወደ ከዋክብት መዝገብ እንለፍ። በሁለተኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. በእስክንድርያ የነበረው በጥሊሞስ 1,022 ያህል ከዋክብትን መዝግቦ ነበር። ዓምዶቹ ጥቂት ናቸው፤ ኮከቡ በሥዕሉ ውስጥ ያለበት ስፍራ፣ የሰማይ ኬንትሮሱ፣ ኬክሮሱና የድምቀቱ ደረጃ። በ964 እ.ኤ.አ. የፋርሱ ሊቅ አብዱራሕማን አስሱፊ መዝገቡን ሲያድስ በኬንትሮሱ ሁሉ ላይ 12 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ጨመረ፤ የመሬት ዛቢያ ቀስ በቀስ ስለሚዞር የከዋክብቱ ቁጥሮች ከዘመን ጋር ይሸሻሉና። እንግዲህ «ኬንትሮስ» የሚለው ስም ብቻውን በቂ አልሆነም ማለት ነው፤ «የየትኛው ዘመን ኬንትሮስ?» የሚል ጥያቄ ተከትሎታል።

ይህ ጥያቄ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ዘልቋል። አንዳንድ መዝገብ ቁጥሩን በ1950 እ.ኤ.አ. የሰማይ ሁኔታ፣ ሌላው በ2000 እ.ኤ.አ. ሁኔታ ያስቀምጣል። በሁለቱ መካከል ያለው መሸሽ ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ላይ የስሙ መብዛት ተጨመረ። የኮከብን ምሥራቃዊ አቀማመጥ የሚለካውን ቁጥር አንዱ «አልፋ»፣ ሌላው በእንግሊዝኛ አሕጽሮት «አር ኤ»፣ ሌላው በፈረንሳይኛ «አሳንስዮን ድሯት» ይለዋል። አንዱ በሰዓት ይጽፈዋል፣ ሌላው በዲግሪ፤ አንድ ሰዓት ደግሞ 15 ዲግሪ ነው።

መዝገብ በእጅ በሚገለጥበት ዘመን አንባቢው መቅድሙን አንብቦ ይረዳ ነበር። ኮምፒዩተር ግን መቅድም አንብቦ የሚረዳ አይደለም። በ1981 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው «ፊትስ» የተባለው የሥነ ፈለክ ፋይል ሥርዓት ውሎ አድሮ ለሠንጠረዥ ዓምዶች ስምና መለኪያ የሚጻፍበት ቦታ አዘጋጀ። ቦታው ተዘጋጀ እንጂ በቦታው ምን እንደሚጻፍ ለየጸሐፊው ፈቃድ የተተወ ነበር።

መለያው እንዴት ተሠራ?

በስትራስቡርግ የከዋክብት መረጃ ማዕከል የተቋቋመው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. «ቪዚየር» በተባለ አገልግሎት በሺህ የሚቆጠሩ መዝገቦችን በአንድነት ለተመራማሪዎች መክፈት ጀመረ። በዚህን ጊዜ ችግሩ አፍጥጦ መጣ። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ዓምዶች ነበሩ፤ ስማቸው ግን እንደ ባለቤታቸው ልማድ ነው። ስለዚህ ማዕከሉ ከአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ ጋር በመተባበር ዓምዶቹን በይዘታቸው ደልድሎ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ አንድ ወጥ መለያዎችን አወጣ።

ከዚህ ላይ አሠራሩን ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፣ መለያዎቹ በጠረጴዛ ዙሪያ ከሐሳብ ብቻ የተፈለሰፉ አልነበሩም፤ ሰዎች በእርግጥ ከተጠቀሙባቸው ዓምዶች ተለቅመው የወጡ ናቸው። ሁለተኛ፣ የዓምዱ የቀድሞ ስም አልተፋቀም። መለያው ከስሙ ጎን እንደ ትርጓሜ ተጨመረ እንጂ ስሙን አልተካም።

የመጀመሪያው ዝርዝር ግን ድክመት ነበረበት። እንደ ዛፍ ከግንድ ወደ ቅርንጫፍ የሚወርድ በመሆኑ አዲስ የብርሃን ማጣሪያ በተሠራ ቁጥር አዲስ ቅርንጫፍ መትከል አስፈለገ፤ ቅርንጫፉም ማለቂያ አጣ። በ2002 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የቨርቹዋል ኦብዘርቫቶሪዎች ኅብረት ሲመሠረት ጉዳዩን ተረከበ። በ2005 እ.ኤ.አ. የጸደቀው አዲሱ ሥርዓት የተወሰኑ ቃላትን ብቻ ይዞ ቃላቱን እርስ በርስ ማጣመርን ፈቀደ። የመጀመሪያው ቃል የነገሩን ዓይነት ይናገራል፤ ከእርሱ ቀጥሎ በድርብ ሰረዝ ተለይቶ የሚመጣው ቃል ያን ዓይነት ይወስናል። በአማርኛ ብንተረጉመው «የብርሃን ድምቀት፤ በሚታየው ጨረር» ወይም «የስሕተት መጠን፤ የኮከብ ርቀት ምልከታ» እንደማለት ነው። በምርምር ማዕከሎች ብዙ ክርክር ተደርጎ የተደረሰበት መንገድ፣ ዓመተ ዓለምና ዓመተ ሰማዕታት ከሚሉት ስሞች አገነባብ ጋር የቱን ያህል እንደሚቀራረብ አንባቢ ይፍረድ። አንዱ ከሌላው ቀዳ ማለት አይደለም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ችግር ስለገጠማቸው አንድ ዓይነት መፍትሔ አገኙ ማለት ነው።

የቃላቱ ዝርዝር በአንድ ጊዜ የተዘጋ አይደለም። አዲስ ቃል የሚፈልግ ሰው ያመለክታል፤ ጉባኤው መርምሮ ያጸድቃል ወይም ባለው ቃል እንዲገለገል ይመልሰዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው የጋያ መንኮራኩር መዝገብ ከ1.8 ቢሊዮን በላይ ረድፎችና ከ150 በላይ ዓምዶች ያሉት ዋና ሠንጠረዥ አለው። ይህን የሚያህል ሠንጠረዥ ማንም ሰው በዓይኑ አንብቦ አይጨርሰውም። ኮምፒዩተር ከሌሎች መዝገቦች ጋር ሊያገናኘው የሚችለው መለያዎቹን ተማምኖ ነው።

እርግጥ ነው፣ ይህ መለያ ሁሉን ነገር አይሸከምም። የነገሩን ዓይነት ይናገራል እንጂ መለኪያውን አይናገርም። መለኪያ ለብቻው መጻፍ አለበት። ይህ ሲጓደል የሚደርሰውን ጉዳት የማርስ አየር ጠባይ መንኮራኩር ታሪክ ያስረዳል። በመስከረም ወር 1999 እ.ኤ.አ. መንኮራኩሩ ማርስ ሲደርስ ጠፋ። ምክንያቱ ሲመረመር አንደኛው ወገን የግፊቱን መጠን በእንግሊዝ ፓውንድ ሲያቀርብ፣ ሌላው ወገን በኒውተን የቀረበ መስሎት ሲያሰላ የቆየ መሆኑ ተገኘ። ልዩነቱ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ቁጥሮቹ በየበኩላቸው ትክክል ነበሩ።

ከአራት ኪሎ እስከ አርታ

በአካባቢያችንም ተመሳሳይ ሥርዓት ሲሠራበት ቆይቷል። ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ከ1957 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ዝግጅት ሲደረግ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። የረጅም ጊዜ ኃላፊው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን ነበሩ። ጣቢያው በዓለም መዝገብ «ኤ ኤ ኢ» በሚል ሦስት ፊደል ይታወቃል። ከጂቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ በአርታ ተራራ ላይ ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያም «ኤ ቲ ዲ» የሚል የራሱ መለያ አለው። አርታን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ተመራማሪ በጃፓን ወይም በቺሊ ሆኖ ቁጥሩን የሚያምነው ከቁጥሩ ጋር የጣቢያው፣ የሰዓቱና የመሣሪያው መለያ አብሮ ስለሚሄድ ነው። መሬታችን የተናገረችው እንዳይጠፋ ያደረጉት እነዚህ ጥቃቅን ፊደላት ናቸው።

በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ ለመምህሩ የሚተርፍ ሥራ አለ። ተማሪዎች ለአንድ ወር ፀሐይ የምትጠልቅበትን ሰዓት ወይም የጥላን ርዝመት እንዲመዘግቡ ማድረግ ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ መዝገባቸውን ተለዋውጠው፣ አንዱ የሌላውን ያለ ቃል ማብራሪያ አንብቦ እንዲያስረዳ ይታዘዝ። «ሰዓት» ብሎ ብቻ የጻፈው ተማሪ ከንጋት ይሁን ከእኩለ ሌሊት መቁጠሩን አንባቢው ይጠይቀዋል፤ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። «ርዝመት» ብሎ የጻፈው በሳንቲ ሜትር ይሁን በስንዝር መለካቱን ይጠየቃል። ባዶ የተወው ቦታ ደመና ስለነበረ ይሁን ስለ ረሳ አይታወቅም።

ይህ ከተደረገ በኋላ ክፍሉ በጉባኤ ተሰብስቦ የራሱን መለያ ያውጣ። ከእያንዳንዱ ዓምድ በላይ አራት ነገሮች እንዲጻፉ ይስማሙ፤ የነገሩ ዓይነት፣ ዓይነቱን የሚወስነው ቃል፣ መለኪያው፣ እና የተቆጠረበት መነሻ። ላልታየው ነገር አንድ ምልክት፣ ታይቶ ምንም ለሆነው ደግሞ ሌላ ምልክት ይኑር። ይህ በታሪክም፣ በሒሳብም፣ በሣይንስም ክፍለ ጊዜ የሚሠራበት ነው። ባሕረ ሐሳብን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ተማሪም የድሮ ምሥጢር ሳይሆን በሥርዓት የተሰየመ ሠንጠረዥ ሆኖ ያገኘዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ይህ ልማድ በእኛው እጅ ባለው መዝገብ ይጀመር። የክፍል ስም ዝርዝር ስናዘጋጅ «የልደት ዓመት» በሚለው ዓምድ ላይ አቆጣጠሩን እንጨምርበት። ጽሑፉ ከግማሽ መሥመር አይበልጥም፤ በሁለት አቆጣጠር መካከል የሚያድገውን ልጅ ግን ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት ስሕተት ያድነዋል።